ቤተ ሰብና የመራጮች መዝገብ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕና፥ ስለ ጓዳ አያያዝ ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ስለ ምርጫ ለመጻፍ ስንነሣ፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህ ለፊተኛው ገጽ የሚገባ ነገር ነው እንጂ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚሆን አይደለም ይሉን ይሆናል። ነገር ግን የምዕራብ ጐጃምን ነገር መርምረን ያገኘነው ይህ ነው፤ ምርጫ የሚቃናውም የሚጣመመውም ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ከዚያ አስቀድሞ ስም በሚጻፍበት ወራት ነው። ስም የመጻፉም ነገር የሚቈረጠው በምርጫ ጣቢያ ሳይሆን ማታ በምድጃ ዳር ነው። ነገ ማን ሄዶ ይጻፍ፥ ማን ከከብቱ ጋር ይዋል፥ ሕፃኑን ማን ይያዝ ተብሎ የሚመከረው በባልና በሚስት መካከል ነውና ጕዳዩ የዚህ ገጽ ጕዳይ ነው ብለን አቀረብነው።

በምዕራብ ጐጃም መጻፍ የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ቀላል ቃል አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ደምበጫን ያለፈ መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነ ይህች ከተማ የምዕራብ ጐጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከእርሷም ቀጥሎ ቡሬ ይገኛል። በግራና በቀኝ ያለው የጃቢ ጠህናን፥ የቡሬ ዙሪያና የወንበርማ ገጠር በቆሎና ጤፍ፥ ይልቁንም በርበሬ የሚሰጥ ለም አገር ነው። ለም አገር ደግሞ ጸሓፊ ይበዛበታል፤ መሬቱን ለመለካት፥ አዝመራውን ለመገመት፥ ከብቱን ለመቍጠር መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው አይታጣምና። ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ መዝገብ የያዘ እንግዳ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ሊሰጠኝ መጣ ብሎ ሳይሆን ሊጥልብኝ መጣ ብሎ ነው። ይህን ፍርሃት የድንቍርና ፍርሃት ነው የሚሉ ሹማምንት አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም፤ ምክንያቱ በታሪክ የታወቀ ነውና።

በቀድሞው ሥርዓት ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ገልጾታል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ነበረች፤ ልጆቿም በእርሷ ስም ቈጥረው መሬት ይጠይቁ ነበር። ከደጋ ዳሞት ሸንጎ ፊት ቆሞ እስከ ሰባትና እስከ ስምንት ትውልድ የሚቈጥር ሰው በመካከሉ አያቶቹን ብቻ ሳይሆን ሴት አያቶቹንም በስማቸው መጥራት ነበረበት። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአፍ የሚነገር ነበረ። ግብሩ የሚከፈለው፥ ጭቃ ሹሙም ደጅ ቆሞ የሚጠራው በአባወራው ስም ነበረ። እንዲህም ሆኖ የእመቤቲቱ ስም በትውልድ ቈጠራ ሲከበር በመንግሥት መዝገብ ሳይገባ ዘመን አለፈ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጐጃም ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም አለ። የፈራው የግብሩን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ ከመዝገብ የገባ እንደ ሆነ ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ነው። ነገሩም በምክር ሊበርድ ስላልቻለ ወደ ጦር ደረሰ፤ አውሮፕላንም ታዘዘበት። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ለሕዝቡ ተማረ። ከዚህ ወዲህ በጐጃም ልጅ አእምሮ መጻፍና መነጠቅ እንደ መንትያ ሆነው ቢኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚያው ዘመን ግን አዲስ ዓይነት መዝገብ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ያዝዝ ነበር። በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ ለወንድ ብቻ ሳይሆን ለሴትም ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መስከረም ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩ ተመርጠው በምክር ቤቱ ተቀመጡ፤ በኢትዮጵያ በምርጫ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት እርሳቸው ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፥ በአውሮፓ መካከል የምትገኘው የስዊስ አገር ሴቶች በመንግሥታቸው ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ሲሆን የእኛ ሕግ በእነርሱ ቍጥር በ1955 ዓ.ም. የወጣ ነው። ከዚያችው አገር አንዲት ትንሽ ግዛት፥ አፔንዜል ኢነርሮደን የምትባለው፥ ወንዶቹ በአደባባይ ተሰብስበው እጅ በማንሣት ሹሞቻቸውን ሲመርጡ ሴቶችን አናስገባም ብለው ቈይተው በ1990 ዓ.ም. ፍርድ ቤት አስገድዷቸዋል። የሠለጠነ አገር ሰው ሁሉ ከእኛ ቀድሟል ለሚሉ ይህን መንገር ደስ ይለናል። ደስታችን ግን ረጅም አይሆንም፤ በሕግ የተሰጠውን መብት በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለች የገጠር ወይዘሮ መቼ ተቀበለችው ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ ሌላ ነው። ለአውራጃዎችም ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩበት ትእዛዝ በ1958 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ገንዘቡን የሚመለከተውን ሕግ ግን ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው ቀረ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበር በየ20 ጋሻው ተቋቋመ። ያን ጊዜ በገጠር እውነተኛ የአካባቢ ምርጫ መጣ ለማለት ይቻል ነበር፤ ሊቀ መንበሩን፥ ፍርድ ሸንጎውን፥ ጥበቃውን የሚመርጠው ተሰብሳቢው ነውና። ሆኖም በማኅበሩ መዝገብ አባል ሆኖ የሚጻፈው የቤቱ ራስ ነበረ። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት የቤት ራስ ስለ ሆነች ትጻፋለች፤ ባል ያላት ግን በባሏ ጥላ ሥር ትቈጠራለች። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሴት በስሟ ለመጻፍ ባሏ ወይ መሞት ወይ መፍታት ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ነው። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲከፋፈል የየቀበሌው ሰው በሦስት በአራት ዓይነት ተለይቶ ተጻፈ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹም የነበረው የቢሮክራት ቅሪት ተባለ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ሹመት ወይም ጕልት የነበረው ቤተ ሰብ የፊውዳል ቅሪት ተባለ። እንዲህ የተጻፈ ሰው ከ1 ሄክታር፥ በአገሩ ልማድ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው ገበሬ ግን እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ይህን ልዩነት በየመንደሩ ሰው ላይ ያዋሉት ከሩቅ የመጡ ዳኞች አልነበሩም፤ በየቀበሌው ከሕዝቡ መካከል የተሰየሙ የኮሚቴ ሰዎች ናቸው። መሬቱን በገመድ የለኩት፥ የማን ማሳ ይቈረጥ፥ ለማን ይጨመር ያሉት ጎረቤቶች ናቸው።

እስቲ ይህን ነገር አንባቢዎቻችን እንደ ቤተ ሰብ ነገር ይመልከቱት። አባት በደርግ ዘመን ሁለት ዓመት የማኅበር ጸሓፊ ሆኖ አገለገለ እንበል። ሹመቱ የእርሱ ነበረ፤ አራት ጥማዱ ግን የሚስቱም፥ የሰባት ልጆቹም እንጀራ ነው። ቢሮክራት ተብሎ የተጻፈው አንድ ስም ሲሆን የተራበው ቤት ነው። አቤቱታ ይዘው እስከ አዲስ አበባ የመጡ ገበሬዎችም ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ባል የሌላቸው ሴቶች በዚያው ሽግሽግ በስማቸው መሬት አግኝተዋልና፥ እነርሱ ያን ዓመት የሚያስታውሱት በበጎ ነው። እኛ የሽግሽጉን ልክነትና ስሕተት ለመፍረድ አልተነሣንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ቤተ ሰብ ለዘመናት ይዞት የኖረው እርሻ የሚቀርበት ወይም የሚሰጠው በቀበሌ ስብሰባ በተመረጡ ጥቂት ሰዎች እጅ ከሆነ፥ የቀበሌን ምርጫ ትንሽ ምርጫ ብሎ መናቅ አይቻልም። የፓርላማው እንደራሴ ሩቅ ነው፤ ገመዱን የያዘው ሰው ግን የወንዝ ማዶ ጎረቤት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለፎቶግራፉ ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ከባሏ አጠገብ የተቀመጠች የቡሬ ዙሪያ ወይዘሮ ከዚያ ቀን ወዲህ መሬቱ ያለ እርሷ ፈቃድ እንደማይከራይ ታውቃለች። ይህንንም ደብተር የሚያዘጋጁት የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች ከሕዝቡ የተመረጡ፥ ደመወዝም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የግብሩ መዝገብ ለአባወራው ነበረ፤ የመሬቱ ደብተር ለባልና ለሚስት በአንድነት ነው። የመራጮች መዝገብ ግን ከሁሉ ይለያል፤ በእርሱ ላይ አባወራ የለም፥ እማወራ የለም፥ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ለየብቻው በየመስመሩ ይጻፋል። አባትና ልጅ፥ እመቤትና የቤት ሠራተኛ በዚያ መዝገብ እኩል መስመር ይይዛሉ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1162 መሠረት የ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሲሰናዳ የመራጮች ምዝገባ የተከፈተው በመጋቢት ወር ነበር። የሚመዘገበው ሰው ራሱ በአካል ወደ ምርጫ ጣቢያው ይመጣል፤ ኢትዮጵያዊ መሆኑን፥ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት መሙላቱን፥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን ያስረዳል። መታወቂያ ያለው መታወቂያውን ያሳያል፤ በገጠር ወረቀት የሌለው ሰው በሚያውቁት ያገር ሰዎች ምስክርነት ይጻፋል። መፈረም የማይችል በጣቱ ያትማል። ከዚያም የመራጭነት ካርድ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ የተመዝጋቢው ቍጥር አነስተኛ ስለ ነበረ ቦርዱ ጊዜውን አራዘመ፤ በመጨረሻ በአገሪቱ ሁሉ ከ36 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። ምዝገባው ሲያልቅ መዝገቡ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረጋል፤ ስሜ ቀርቷል፥ ወይም የሞተ ሰው ስም ተጽፏል የሚል ሁሉ በጣቢያው ላለው የአቤቱታ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ካልረካም እስከ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሰኔ 14 ነበረ፤ ይህም በምዕራብ ጐጃም ሞፈርና ቀንበር የማይወርድበት፥ ዝናም የሚጠበቅበት ወር ነው። ከማለዳ ጀምሮ የቆመው ሰልፍ ስላላለቀ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። እርጉዝ ሴት፥ ሕፃን ያዘለች እናት፥ ሽማግሌና አካለ ስንኩል ሰልፍ ሳይጠብቁ ይግቡ ተብሏል። ይህን የማያውቁ ብዙ እናቶች ሰልፉን ከሩቅ አይተው ይመለሳሉና ባሎቻቸው አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው።

ለቤተ ሰብ የምንሰጠው ምክር ከዚህ ይነሣል። አንደኛው ነገር የሙሽሮች ነገር ነው። በአገራችን ሠርግ የሚበዛው በጥርና በሚያዝያ ነው። በጥር ያገባች ሙሽራ ምዝገባው በመጋቢት ሲከፈት በባሏ አገር ገና ሁለት ወሯ ነው። በዚያው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ከሆነች ችግር የለም። ነገር ግን ከወንበርማ ተድራ ወደ ቋሪት የሄደች እንደ ሆነ ስድስት ወር አልሞላትም ትባላለች፤ ባባቷ ቤት ያሉትም ሄዳለች ብለው ትተዋታል። እንዲህ በሁለት አገር መካከል ስሟ ይወድቃል። የሁለቱም ወገን ሽማግሎች የጥሎሹን ነገር ሲነጋገሩ ይህንንም ቢያነሡት ምንም አይከብድም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የአገራችን ሕግ ለጋብቻም ለምርጫም ዐሥራ ስምንት ዓመትን ወስኗል። በሠርጉ ጊዜ ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል ተብሎ የተመሰከረላት ልጅ በምርጫ ጣቢያ ስትቀርብ፥ የለም፥ ገና ልጅ ናት ስትባል፥ ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው ዋሽቷል። ምዝገባ ጸሓፊው ፊት የሚቆሙ ዘመዶች የትኛውን ቍጥር እንደሚናገሩ ቀድመው ቢያስቡበት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛው የቤት ሠራተኞች ነገር ነው። ከገጠር ወጥተው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ብዙዎች ናቸው። የከተማው ቀበሌ መታወቂያ የላቸውም፤ የሚያውቋቸው ምስክሮችም አሠሪዎቻቸው ብቻ ናቸው። አሠሪው አብሮ ሄዶ፥ ይህች ልጅ በቤቴ ዓመት ኖራለች ካላለ የሚያስጽፋት የለም። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ባለ ሥልጣኖችና ባለ ቤቶች ናቸውና የሚናገረው ለእነርሱ ነው። ልጂቱን ግማሽ ቀን ከሥራ ማሳረፍ ይበቃል። ማንን እንደምትመርጥ መንገር ግን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ክልክል ነው። ካርዷንም ለአደራ ብሎ ከመሳቢያ ማስገባት አይገባም፤ ካርዱ የእርሷ ነው።

ሦስተኛው፥ ሁሉም በአንድ ቀን ይሂድ ማለት ከገበሬ ቤት አይሆንም። ባል በገበያ ቀን ሲሄድ ጸሓፊው ዘንድ ይግባ፤ ሚስት በማግሥቱ ልጁን ለአያቱ ሰጥታ ትሂድ። እኔ ተጽፌአለሁ ይበቃል የሚል ባል አለ። ይህ አነጋገር የግብር መዝገብ አነጋገር ነው፤ በግብር አንዱ ከከፈለ ቤቱ ሁሉ ከፍሏል። በምርጫ ግን አንዱ ስለ ሌላው ሊጻፍ አይችልም።

ለሹማምንትና ለቀበሌ አስተዳዳሪዎች ደግሞ የምንለው አለን። ምዝገባ እንደ ማዳበሪያ ኮታ የሚሞላ ነገር አይደለም። በየቤቱ ዞሮ ስም ለቅሞ ማምጣት፥ ያልመጣውን ማስፈራራት፥ በየቡድኑ መሪ በኩል ቍጥር ማስቈጠር የመዝገቡን ገጽ ይሞላል እንጂ ሕዝቡን አያስመርጥም። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፥ ምርጥ ዘርና የምግብ ርዳታ በፖለቲካ ወገን ይታደል ነበር ብሎ ወቅሷል፤ መንግሥት ደግሞ ይህን አስተባብሏል። ክርክሩ እንዴትም ይሁን፥ በበቆሎ አገር ማዳበሪያ ማለት ሕይወት ነውና ማዳበሪያውን የሚያድለው እጅና ስም የሚጽፈው እጅ አንድ ከሆኑ ገበሬው በነጻ ልብ አይጻፍም። አዋጁ ምርጫ ጣቢያ በጦር ሰፈር፥ በፖሊስ ጣቢያና በቤተ አምልኮ እንዳይሆን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ከሚፈራውና ከሚያከብረው ስፍራ ርቆ ብቻውን እንዲያስብ።

ስለ ራሱ ስለ አካባቢ ምርጫ ሳንናገር ብናልፍ ግን ነገራችን ግማሽ ይሆናል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ ነበር፤ የቀበሌው ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ስለ ተደረገ የወንበሩ ቍጥር ከ3 ሚሊዮን ተኩል በለጠ። ይህን ሁሉ ወንበር ለመሙላት ተወዳዳሪ ማቅረብ የቻለው ገዥው ግንባር ብቻ ነበረ፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎችም ራሳቸውን አገለሉ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ሲደረግ 33 ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ቀሩ። በሁለቱም ጊዜ ግንባሩና አጋሮቹ ከጥቂት ወንበር በቀር ሁሉን ወሰዱ። በእነዚያ ምርጫዎች ሴቶች በቀበሌ ምክር ቤት በብዛት እንዲገቡ ተደርጓል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን 300 ሰው የሚቀመጥበት ምክር ቤት ለአንድ ቀበሌ ምን ይመክራል? ሰፊ ጉባኤ በውሳኔ ላይ አይደለም፥ እጅ በማንሣት ላይ ነው የሚበረታው። እኛ ብንጠየቅ ጥቂት ሰዎች ተከራክረው ቢመረጡ፥ ሕዝቡም የእያንዳንዳቸውን ጠባይ ቢያውቅ እንመርጥ ነበር። የዕድሩን ዳኛ፥ የማኅበሩን ሙሴ ሲመርጥ እንዴት እንደሚመረምር የዚያ አገር ሰው ያውቃልና፤ ያደራ ብር የበላ ሰው በጐጃም ዕድር ዳኛ ሆኖ አያድርም።

የ2005ቱ ተመራጮች ዘመን አምስት ዓመት ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው ምርጫ ተላለፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም እንደ ገና ተላለፈ፤ በ2013 ዓ.ም. ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲደረግ ለገጠሩ ቀበሌና ወረዳ ግን አልተደረገም። በ2005 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ እረኛ በ2013 ዓ.ም. ለአካለ መጠን ደርሶ ለፓርላማ መረጠ፤ ገመድ የሚይዘውን ጎረቤት ግን ለመምረጥ ዕድል አላገኘም። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ራሷ ከአየር ተመትታ ብዙ ሰው ሞተባት። ቤቱ ሐዘን የተቀመጠበትን ሰው ስለ መዝገብ ማነጋገር ከባድ መሆኑን እናውቃለን።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች፥ ውድድር ከሌለ መጻፍ ምን ይረባል፥ አለመጻፍም ሐሳብን መግለጥ ነው ይላሉ። ነገሩ ከንቱ ክርክር አይደለም። አልጻፍም ማለት የማንም ሰው መብት ነው፤ ማንም ሹም ስለዚህ ሊቀጣው አይገባም። እኛ የምንከራከረው ስለ ሌላይቱ ነው፤ አባቷ ወይም ባሏ ስለ ረሳት፥ ጣቢያው ስለ ራቀባት፥ ሕፃኑን የሚይዝላት ስለ ጠፋ ስሟ ስለ ቀረባት ሴት። እርሷ እንቢ አላለችም፤ አልተጠየቀችም እንጂ። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸነሸን ስንት እንዲህ ያሉ ሴቶች ከስብሰባው ውጭ ሆነው የማሳቸውን ወሬ ከጎረቤት እንደ ሰሙ የአገሩ ሽማግሎች ያውቁታል።

መዝገቡ ለሕዝብ በሚታይበት ቀን ከቤተ ሰቡ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ ይላክ። ልጁ የሚመለከተው ስሞቹ መኖራቸውን ብቻ አይሁን፤ እንዴት እንደ ተጻፉም ይመልከት። በዚያ አገር ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የክርስትና ስሙ ነው፤ ሌላው እናቱ ያወጣችለት ነው። ጸሓፊው የሰማውን ጽፎ መታወቂያው ሌላ የሚል እንደ ሆነ በድምፅ መስጫው ቀን ክርክር ይነሣል። እናቶችን ደግሞ ሰፈሩ የሚጠራቸው በልጃቸው ስም፥ የእገሌ እናት እያለ ነው፤ የቸኰለ ጸሓፊም የአቶ እገሌ ባለቤት ብሎ ይጽፋል። በአገራችን ልማድ ሴት አግብታም ያባቷን ስም አትለቅም፤ ስለዚህ የራሷ ስም፥ ከእርሱም ቀጥሎ ያባቷ ስም መጻፉን ልጁ በጣቱ እየተከተለ ያንብብ፤ የተሳሳተም ቢሆን መዝገቡ ሳይዘጋ በዚያው ቀን ለኮሚቴው ያመልክቱ።